ቄስ ሞላ «አርፈዋል» የተባሉ ሰሞን

ምላሴ ረጅም ነው። እናቴም ትለኛለች፣ ባሌም ይለኛል፣ አብሬያቸው የሠራሁ ሐኪሞችም ይሉኛል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ አንዲት አጭር ቃል ከአፌ አልወጣ ብላኝ ነበር» ብዬ ስጀምር የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ግን ያቺን ቃል ካወጣኋት ወዲህ የድሮዋ እኔ አይደለሁም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ሞባይል ወደ ላስታ ገጠር ገና ብቅ ማለት የጀመረበት፣ በአንድ መንደር አንድ ሰው ስልክ ከያዘ የመንደሩ ሁሉ ስልክ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። እኔ ላሊበላ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ክሊኒኩ የሁለት ሐኪሞች ነው፤ የዶክተር መኩሪያና የዶክተር ሰናይት። ዶክተር መኩሪያ የዚያው የላሊበላ ልጅ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ሰናይት እኩያዬ ናት፤ ለትንሽ ጊዜ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታ አገሩ አስቀራት። ሰው ክሊኒኩን በሰሌዳው ስም አይጠራውም፤ «መኩሪያ ቤት» ነበር የሚለው። አያት የታከመበት፣ ልጅ የታከመበት፣ የልጅ ልጅ የተወለደበት ቤት ነው። የማን ልብ ደካማ እንደሆነ፣ ማን ጸበል ሲጀምር መድኃኒቱን እንደሚያቋርጥ፣ ማን እየሞተም ቢሆን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚል ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር።

ዶክተር መኩሪያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ወልዲያ ወይም ደሴ የላኩት በሽተኛ ቢሻለውም ቢብስበትም ለቤተሰቡ በስልክ አይናገሩም። ሰው ይልካሉ። ወይ እኔ እሄዳለሁ፣ ወይ ገበያ የመጣ ዘመድ ይፈለግና ቁጭ ተደርጎ ይነገረዋል። ሰናይት መጀመሪያ ላይ ትስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን «ፊቱን የማላየው ሰው ምን እንደሰማ በምን አውቃለሁ?» ይሏት ነበር።

ከዚያ «ደረጃ» የሚሉት ነገር መጣ። ክሊኒክ ይህን ያህል ክፍል፣ ይህን ዓይነት ላብራቶሪ፣ ይህን ያህል ባለሙያ ከሌለው ፈቃዱ አይታደስም ተባለ። ሁለት ሐኪሞች ከየት ያመጡታል? በዚህ መሀል ደሴ ላይ ሆስፒታል የነበረው አንድ ትልቅ የሕክምና ድርጅት «ከእኛ ጋር ተዋሐዱ፤ እናንተ ቅርንጫፍ ሁኑ፤ ቀዶ ጥገናው እኛ ጋ ይሠራል» ብሎ መጣ። ዶክተር መኩሪያ አልወደዱትም። ሰናይት ግን «ዶክተር፣ በእጃችን ላይ ያለፉትን ያስቡ እንጂ» አለቻቸው፤ እውነቷን ነበር። በምጥ የሞቱብን ነበሩ፣ መኪና ሲለመንላቸው መንገድ ላይ የቀሩብን ነበሩ። ፈረሙ። ሰሌዳው ተነቀለ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀባ፣ ሰናይት ወደ ደሴ ተዛወረች። የዶክተር መኩሪያ አሮጌ ላንድክሩዘር እንኳ የድርጅቱ ንብረት ሆና ጎኗ ላይ «አምቡላንስ» ተጻፈባት። ለቤተሰብ መረጃ መስጠትም ከደሴ፣ ከአንድ ጠረጴዛ፣ በስልክ ሆነ። ሌላው ሠራተኛ እጁን እንዳያስገባ ታዘዘ።

በዐቢይ ጾም መካከል ቄስ ሞላን በቃሬዛ አመጧቸው። ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለች መንደር ናቸው። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ትውከቱ አልቆም ብሏል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። አንጀታቸው ተቋጥሮ ነበር። ድሮ ቢሆን ዶክተር መኩሪያ አንገታቸውን ደፍተው ማስተላለፊያ ይጽፋሉ፣ ቤተሰቡ መኪና ሲፈልግ ይመሻል። ያን ቀን ግን አምቡላንሷ ወዲያው ይዛቸው ወደ ደሴ ሄደች፤ እዚያም እንደደረሱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ይህን የምነግራችሁ ውህደቱን በደፈናው እንዳትረግሙት ብዬ ነው፤ እኔ ረግሜዋለሁና ይበቃዋል።

ሚስታቸው እማማ ጥሩ ተከትለው ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። ልጅ የላቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዶክተር መኩሪያ ግን ከለከሏቸው። እማማ ጥሩ ልባቸው ደካማ ነው፤ በልጅነታቸው የያዛቸው በሽታ ልባቸውን ጎድቶት ለዓመታት በመኩሪያ ቤት መድኃኒት የኖሩ ናቸው። ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ተነግሯል። «ይሻላቸውና እኔው እወስድዎታለሁ» ብለው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ለድርጅቱ የተሰጠው ስልክ የአቶ ደምሴ ነው፤ ደምሴ የመንደሩ ባለሱቅ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሰዓቱ ወደ ስድስት ሲጠጋ፣ ደምሴ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ክሊኒኩ ግቢ ገባ። ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እግራቸው አቧራ ብቻ ነው፤ ከሌሊት ጀምረው ሲጓዙ ነው የመጡት። ውኃ ልሰጣቸው ተነሣሁ። ዶክተር መኩሪያም ከክፍላቸው ወጡ።

«ምነው ደምሴ?»

«መኪናዋን ልንለምን ነው፣ ዶክተር።»

«ለማን?»

«ለአስከሬኑ ነዋ። ቄስ ሞላን አገራቸው እናግባቸው ብለን።»

ዶክተር መኩሪያ ቀረብ አሉት። «ማን ነገረህ?» አሉት።

«ትናንት ከሰዓት ከደሴ ተደወለልኝ። አንዲት ልጅ ናት። ‹ቄስ ሞላ አሁን አርፈዋል፤ አብሽሩ› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን እላለሁ? ‹ፈጣሪ የወደደው ሆነ› ብዬ ዘጋሁት።»

«መቼ አረፉ፣ እንዴት አረፉ አላልክም?»

ደምሴ የነውር ነገር የተጠየቀ ያህል አያቸው። «ዶክተር፣ መርዶ ተነግሮ ይመረመራል እንዴ?»

እውነቱን ነው፣ አይመረመርም። በኛ አገር መርዶ የሰማ ሰው አፉን ዘግቶ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ለቤተሰቡ ማን እንደሚናገር ይመክራል እንጂ መልሶ አይደውልም። ዶክተር መኩሪያ ግን ስልካቸውን አውጥተው ለሰናይት ደወሉ። ድምጿ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል።

«ሰናይት፣ ቄስ ሞላ መቼ ነው ያረፉት?»

«ማን ነው ያረፉት ያለዎት? አሁን ከአጠገባቸው መምጣቴ ነው። ጾም ነው ብለው ወተቱን መለሱብን፤ የአጃ አጥሚት እየጠጡ ነው።»

በኋላ እንደሰማነው ነገሩ እንዲህ ነው። ቄስ ሞላ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመሙ እንቅልፍ ነሥቷቸው ቆይቶ፣ ማስታገሻ ሲሰጣቸው ጸጥ ብለው ተኙ። የስልኩ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ «አሁን እንዴት ናቸው?» ብላ ነርሷን ጠየቀች፤ ነርሷም «አሁን አርፈዋል» አለቻት። ልጅቷ ያንኑ ለደምሴ ነገረችው። «አብሽሩ»ን የጨመረችው ከራሷ ነው፤ አይዟችሁ ለማለት። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ሐዘንተኛንም የምናጽናናው በዚያው ቃል ነው።

እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ደምሴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ደስ ያለው ሰው አይመስልም። «እማማ ጥሩ» አለ።

«ነግራችኋቸዋል?» አሉ ዶክተር መኩሪያ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«አልነገርንም። የነፍስ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል ተባለ። ዛሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ሊነግሯቸው ነው። መቃብሩም እየተቆፈረ ነው።»

በጾሙ ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። «እንደውልላቸዋ» አልኩ። ደምሴ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የመንደሩ ስልክ እሱ ጋ ነው።

በእግር አይደረስም፣ ባጃጅም ያንን መንገድ አይወጣውም። ያለችው መኪናዋ ናት። ሾፌሩ ሲሳይ የደሴ ልጅ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ፈሪ። «ያለ ደሴ ትእዛዝ ካንቀሳቀስኳት እባረራለሁ» አለ። ዶክተር መኩሪያ ወደ ደሴ ደወሉ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጥያቄዎን ተቀብለናል፣ ይጠብቁ ተባሉ። ጠበቁ። እንደገና ደወሉ፤ አሁንም ይጠብቁ። ጸሐዩ ሲያዘነብል እሳቸው በራሳቸው መኪና ዙሪያ እንደ እንግዳ ይዞራሉ።

«ሲሳይ፣ ይህችን መኪና እኮ እኔ ነኝ የገዛኋት» አሉት።

«አውቃለሁ ዶክተር። እኔም ልጆች አሉኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ስማ» አልኩት እኔ፤ «በሽተኛ ካለ ትነሣለህ አይደል?»

«እሱማ ሥራዬ ነው።»

«በል እኔ ታምሜያለሁ።» የኋላውን በር ከፈትኩና ቃሬዛው ላይ ተጋደምኩ።

ዶክተር መኩሪያ በዕድሜያቸው ዋሽተው የሚያውቁ አይመስለኝም። አዩኝ፣ ሲሳይን አዩት። «ሆዷን ነው» አሉ።

«ወዴት ትወሰድ?»

«ወደ ገነተ ማርያም።»

ሲሳይ ሳይወድ ሳቀና መኪናዋን አስነሣ። ደምሴና ሽማግሌው እግሬ ሥር ተቀመጡ። መንገዱ እያነጠረኝ፣ በውሸት ታመመ ያልነው ሆዴ የእውነት አመመኝ።

መኪና የሚደርሰው ጉብታው ድረስ ነው። ከዚያ ቁልቁል በእግር ነው። ዶክተር መኩሪያ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ እጄን ይዘው ወረዱ። ደምሴ ቀድሞን ሮጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታየን ሕዝቡ መውጣት ጀምሯል። እማማ ጥሩ ከሴቶቹ መሀል ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ይታዩኛል፤ የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ወደ እሳቸው እየሄዱ ነው። ደምሴ ደርሶ እግራቸው ላይ ተደፋ።

«አባቴ፣ እንዳይነግሯቸው፤ በሕይወት አሉ» አለ። ሰው ሁሉ ሰማው።

«ማን ነው በሕይወት ያለው?» አሉ እማማ ጥሩ።

ዶክተር መኩሪያ ደርሰው እጃቸውን ያዙ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፣ ጣታቸውን የደም ሥራቸው ላይ አድርገው ዝግ ብለው ነገሩን ሁሉ አስረዷቸው። ቀዶ ጥገናው እንደተሳካ፣ ወተቱን እንደመለሱ፣ አጥሚቱን እንደጠጡ፣ ልጅቷ ተኝተዋል ለማለት አርፈዋል እንዳለች። እማማ ጥሩ ሰምተው ሲጨርሱ ደምሴን አዩት።

«አንተ ደምሴ፣ ባሌን ገደልከውና መቃብሩንም አስቆፈርከው?» አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ለካ የደሴ ሰው ተኝቷል ለማለት አርፏል ነው የሚል። እሰይ፣ ይረፉ እንጂ። ዕድሜ ልካቸውን መቼ አርፈው ያውቃሉ?»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሲቆፍሩ የነበሩት ሰዎች አፈሩን እየተሳሳቁ መለሱት። ደምሴ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ሰው እየቀለደበት፣ ቀኑ በዓል መሰለ። እማማ ጥሩ የዶክተር መኩሪያን እጅ ይዘው «እንግዲህ ውሰዱኛ፤ ብለውኝ የለ?» አሏቸው።

«ነገ ጠዋት መኪናዋ ጉብታው ድረስ ትመጣለች። ይዘጋጁ» አሉ። ፈቃድ የሚባለውን ነገር ያን ሰዓት ማንም አላነሣውም።

እኔ፣ ዶክተርና ሲሳይ ሆነን ወደ ጉብታው ወጣን። ስልክ በደንብ የሚሠራው እዚያ ነው። መኪናዋ ጋ ስንደርስ የዶክተር መኩሪያ ስልክ ጮኸ። ሰናይት ናት። አሁን ድምጿ ወደ ውጭ አይሰማም፣ እያለቀሰች ስለነበር ነው። «መቼ?» አሏት። ትንሽ ቆይተው «እሺ» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቄስ ሞላ ከአልጋቸው ተነሥተው ጥቂት ሊራመዱ ሲሞክሩ ወደቁ። ደም ረግቶ ሳንባቸው ገብቶ ይሆናል አለች። ሊመልሷቸው ብዙ ታግለው አልሆነላቸውም።

ከታች እልልታው አሁንም ይሰማል። «እንመለስ?» አልኩ። ዶክተር መኩሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ገና በሳቁበት አፍ? ልባቸው አይችለውም። ሰውስ ያምነናል?» አሉ። መርዶ ደንቡ ማለዳ ነው፤ መድኃኒት ይዘን፣ ሽማግሌዎቹን ቀስቅሰን፣ በደንቡ እንድንነግራቸው ተስማማን። ወደ ላሊበላ ተመለስን።

ማለዳ ጉብታው ላይ ስንደርስ ቀድመውን ነበር። እማማ ጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የታጠበ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ደምሴ በሶና ዳቦ ቆሎ የተቋጠረበትን ስንቅ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። ሽማግሌ የለ፣ የነፍስ አባት የለ። መኪናዋን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ሲሳይ፣ ለኔ ቦታ አስተካክለሃል?» አሉት። ሲሳይ መሪውን ይዞ አቀረቀረ።

ዶክተር መኩሪያ ወርደው እንደ ትናንቱ እጃቸውን ያዙና መልሰው አስቀመጧቸው። ቃሉን መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጁ እንደመጡ አውቃለሁ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«እማማ፣ ቄስ ሞላ ትናንት ከሰዓት አረፉ» አሉ።

«እሰይ» አሉ እማማ ጥሩ። «ዛሬም አርፈዋል? እንቅልፍ ከወሰዳቸው ሕመሙ ቀሏል ማለት ነው።»

ደምሴ ሊስቅ ነበር። ወዲያው ፊቴን አየና ስንቁ ከእጁ ወደቀ።

«የለም እማማ፣ ማለቴ ከዚህ ዓለም ድካም…»

«ደክመዋላ። ሆድን ያህል ነገር ተቀዶ እንዴት አይደክሙ?»

ዶክተር መኩሪያ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኛው ነን በቀደመው ቀን «አርፈዋል» ማለት ተኝተዋል ማለት ነው ብለን ያስተማርናቸው። የቀረችው ቃል አንድ ናት፤ እሷ ደግሞ ለከብትም ትባላለች፣ ለቄስ አትባልም። እኔ ለባለሥልጣን የማልመለሰው ሴት ያቺን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ከጉብታው ወርጄ ብሮጥ ደስ ባለኝ ነበር። ተንበርክኬ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«እማማ» አልኩ።

«ወይ ልጄ።»

«ቄስ ሞላ ሞቱ።»

አልጮሁም። ዝቅ ብለው አዩኝና፣ ያጠፋ ልጅ እንደሚያርሙ ሆነው፣ «ልጄ፣ ለቄስ እንዲህ አይባልም። አረፉ ነው የሚባል» አሉኝ። «አረፉ» ብለው ደገሙት። በሦስተኛው ላይ ከራሳቸው አፍ ሰሙት። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

መድኃኒቱን ሰጠናቸው፣ ዶክተር መኩሪያ እስኪረጋጉ ደግፈው ያዟቸው። ልባቸው ያን ቀን ቻለ። ወደ ቤታቸው ስንመልሳቸው እንዲህ ብለው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፦ «ትናንት ሞቱ ብላችሁ ብትተዉኝ ምን ነበረበት? እልል ብዬባቸው አደርኩ እኮ።»

ሲሳይ ማንንም ሳያስፈቅድ ደሴ ሄዶ አስከሬኑን አመጣ። መቃብሩ በቀላሉ ተቆፈረ፤ አፈሩ ገና የላላ ነበር። የቆፈሩት እነዚያው የሳቁት ሰዎች ናቸው፤ ቀና ብለው እርስ በርስ አይተያዩም ነበር።

ከወር በኋላ ያችን የስልክ ልጅ ልሰድባት ብዬ ደሴ ድረስ ሄድኩ። የምላትን ሁሉ ደርድሬ ነበር። ሳገኛት ገና ልጅ ናት፤ የቄስ ሞላን ስም ስጠራ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እናቴ ታማ ሲቀላት አሁን አረፈች እንል ነበር፣ ክፉ ያልኩ አልመሰለኝም» አለችኝ። አብሬያት ተቀምጬ አለቀስኩና ተመለስኩ። ማንን ልስደብ? ቀዶ ጥገናውን የሠሩት በደንብ ሠርተዋል። ልጅቷ ያለችው አማርኛ ነው። ደምሴም የሰማው አማርኛ ነው። ከሁለቱ መሀል ግን ድሮ ዶክተር መኩሪያ ይቆሙ ነበር፤ እሱ ቦታ ነው ባዶ የሆነው።

ዶክተር መኩሪያ ያለ ፈቃድ መኪና አንቀሳቅሰዋል ተብለው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። አልተከራከሩም። ዓመቱ ሳያልቅ ለቀው ወልዲያ በመንግሥት ሆስፒታል ተቀጠሩ። በስማቸው በሚጠራው ቤት ቀጥለው መሥራት አልቻሉም። እኔ የት እሄዳለሁ? ቀረሁ።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ወጣት ነርሶች «ሲስተር፣ አንቺ ጨካኝ ነሽ» ይሉኛል። የተኛውን ተኝቷል፣ የሞተውን ሞቷል ስለምል ነው። እኔም ቃሉ ያምረኛል መሰላችሁ? ሐዘንተኛ ፊት ባወጣሁት ቁጥር እነዚያ ጉልበቶች በእጄ ውስጥ ያሉ ይመስለኛል። ግን ስልክ አንሥቼ አልናገርም፤ ፊት ለፊቴ ካልተቀመጠ ሰው ጋር ስለ በሽተኛ አላወራም። በዚህ ሁለት ጊዜ ተቀጥቻለሁ፣ ሦስተኛም ይቅጡኝ።

እማማ ጥሩ ከዚያ በኋላም መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ይመጡ ነበር። ዶክተር መኩሪያ በለቀቁ ሰሞን መጡና ክፍላቸው ተዘግቶ አዩ።

«ዶክተርስ?» አሉኝ።

«ሄዱ» አልኳቸው፣ ሳላስበው።

መድኃኒቱን ሊቀበሉ የዘረጉትን እጅ መልሰው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «ሄዱ ማለትሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንዴት ያለው ነው?»

«ወልዲያ፣ እማማ። ሥራ ቀይረው ነው። በሕይወት አሉ።»

«እንደሱ በይኛ፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን እንደገና ዘረጉልኝ።